ለኢፖክሲ ጥብቅና

በረዶው ቀልጦ ፀሐይ ብቅ ባለችበት የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በዴንቨርና በሚኒያፖሊስ ዙሪያ ቤት ገዝቶ የገባው የእኛ ሰው የጋራዡን በር ከፍቶ ወለሉን በትዝብት ማየት ይጀምራል። ጎማ ያመጣው የመንገድ ጨው በየቦታው ነጭ ካርታ ሥሏል፤ ከሞተር የተንጠባጠበው ዘይት ጠቁሯል። ማዶ ያለው ጎረቤት ግን የጋራዡን ወለል ፊት እስኪያሳይ አብለጭልጮ፣ ሰው ይይልኝ ብሎ በሩን ገርበብ ሳይሆን ብርግድ አድርጎ ከፍቶ ይውላል። ቅናት ይሁን የቤት ኩራት፣ ብቻ ሰውዬው በዚያው ቀን ከገበያ አንድ ካርቶን ይዞ ይመለሳል። ካርቶኑ ላይ በሚያንጸባርቅ ወለል ላይ የቆመች ቀይ መኪና አለች። እሑድ ማታ ቅቡ ያልቃል፤ ፎቶ ተነሥቶ ለዘመድ ሁሉ ይላካል፤ «እንኳን ደስ ያለህ» ይጎርፋል። ሙቀቱ በበረታበት ወር መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ መዳፍ የሚያህል ቀለም ጎማው ላይ ተለጥፎ አብሮ ይወጣል። ያን ጊዜ ፍርድ አይዘገይም፦ «ኢፖክሲ የሚሉት ነገር ማጭበርበሪያ ነው!» ተከሳሹ ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነውና ይግባኝ ልጠይቅለት። ጥብቅናዬ ያለ ክፍያ ነው፤ ክርክሬም አጭር ነው። ከተላጡት የጋራዥ ወለሎች አብዛኞቹን ያበላሸው ቀለሙ ሳይሆን ከቀለሙ በፊት ሊሠራ ሲገባ ያልተሠራው ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ተከሳሹን እንወቀው። ኢፖክሲ እንደ ግድግዳ ቀለም በነፋስ የሚደርቅ ነገር አይደለም። ሁለት ፈሳሽ ነው፤ አንዱ ሬዚን፣ አንዱ ማጠንከሪያ። ለየብቻቸው በየቆርቆሯቸው ወራት ቢቀመጡ ምንም አይሆኑም፤ ሲገናኙ ግን እየተያያዙ፣ ሙቀት እየሰጡ፣ ተመልሶ ወደማይፈታ ጠጣር ይለወጣሉ። ትውልዱም የሚያሳፍር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን ይህን ነገር ሲሠራ ያሰበው ለሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር፤ በአሜሪካ ደግሞ ሲልቫን ግሪንሊ የሚባል ኬሚስት በ1940ዎቹ ለቅብ የሚሆነውን ዓይነት አዘጋጀ። ዛሬ የአውሮፕላን አካልና የነፋስ ተርባይን ክንፍ በእሱ ይያያዛል፤ የመድኃኒት ፋብሪካና የሆስፒታል ወለል፣ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ፣ በእሱ ይሸፈናል። ክንፍ አገናኝቶ ሰማይ ላይ የሚያውል ነገር አንዲት ኮሮላ ቆማበት ብታድር ተልጦ ከተነሣ፣ ምክንያቱን ከራሱ ድክመት ውጭ መፈለግ ደግ ነው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ ጎማው ላይ ተለጥፎ የወጣው ቁራጭ ራሱ ምስክር ነው። ሰዎች ቁራጩን አንሥተው የሚያዩት በፊቱ በኩል ነው። ፊቱ አሁንም ያበራል፤ ንዴታቸውም ይብሳል። መገልበጥ ነበረባቸው። ጀርባው ላይ የላመ ግራጫ ሲሚንቶ ተጣብቆ ከተገኘ፣ ቅቡ የያዘውን አልለቀቀም፤ የለቀቀው ኮንክሪቱ ነው። ኮንክሪት ሲፈስ ውኃው ደቃቁን ሲሚንቶ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲደርቅም ላዩ ላይ ደካማ ቅርፊት ይተዋል። ኢፖክሲው ያንን ቅርፊት አጥብቆ እንደያዘ ቅርፊቱ ራሱ ከሥሩ ተለየ ማለት ነው። ጀርባው ንጹሕ፣ ለስላሳና እንደ ፊቱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ቅቡ የሚነክሰው ነገር አላገኘም፤ ወለሉ ሳይሞረድ ነው የተቀባው። ከጠቆረና በጣት ሲነካ ከወዛ፣ ያለፈው ባለቤት መኪና ያፈሰሰው ዘይት ነው፤ ሳሙናው ላዩን አጥቦ ውስጡን ትቶታል። እርጥብ ከሆነ ወይም ነጭ የጨው ብናኝ ከያዘ ውኃ ከሥር መጥቷል። ከእነዚህ የምስክርነት ቃሎች አንዱም ተከሳሹን አያስይዝም። ጎማውም ቢሆን ያደረገው ነገር ግልጽ ነው፤ ሀይዌይ ላይ ሲነዳ ይግላል፣ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተርም የረገጠውን ጨብጦ ይስባል። በደንብ የተያዘውን ቅብ ስቦ አያነሣውም፤ ያልተያዘውን ግን ይዞት ይወጣል። ጎማው የመረመረው የባለቤቱን ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የወለል ውበት መለኪያም ያሳስተናል። ጥሩ ወለል ስንል ሊሾ ማለታችን ነው፤ ግንበኛው ተንበርክኮ በብረት ደጋግሞ ያሸው፣ መጥረጊያ የሚንሸራተትበት። የአሜሪካ ጋራዥም ወለሉ ብዙ ጊዜ እንዲሁ በብረት ተለስልሶ ነው የሚያልቀው። ለመጥረግ ይመቻል፤ ለኢፖክሲ ግን መያዣ የለውም። ኢፖክሲ የሚፈልገው መዳፍ ሲያልፍበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚከረክር ወለል ነው። ወደዚያ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው አሲድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ካርቶኑ ውስጥም አንዳንዴ ከቀለሙ ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል። ችግሩ ዘይት ያለበትንና ቀድሞ ማሸጊያ የተቀባውን ቦታ አይበላም፤ የበላውንም ቦታ አሲዱ ከስሞ፣ ዝቃጩ ታጥቦ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው፤ ከዚያ ወለሉ ውኃ ጠግቧልና እስኪደርቅ መጠበቅ አለ። ሁለተኛው የአልማዝ ጥርስ ያለው መሞረጃ ነው፤ በቀን ኪራይ ይገኛል፣ ከአቧራ መሳቢያው ጋር። የእኔ ድምፅ ለመሞረጃው ነው፤ አፍና አፍንጫን በጥሩ ማስክ መሸፈን ሳይረሳ፣ የኮንክሪት አቧራ ለሳንባ ደግ አይደለምና። ወለሉን በእበት ይለቀልቁ የነበሩ እናቶች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል፤ መጀመሪያ ይጠርጋሉ፣ የተነሣውን ቅርፊት ይፍቃሉ፣ ከዚያ ነው እበቱ የሚመጣው። በአቧራ ላይ የተለቀለቀ እበት ከአቧራው ጋር እንደሚነሣ አይጠፋቸውም። ሃያ ዓመት አሜሪካ የኖረውን ልጃቸውን ነው የጠፋው።

ከሁሉም የከፋው ግን እርጥበት ነው፤ አይታይምና። ኮንክሪት ድፍን ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ በጠባብ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ከሥሩ ያለው አፈር እርጥብ ሲሆን ውኃው በእንፋሎት መልክ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ወለሉ ባዶ ሳለ እንፋሎቱ ወጥቶ አየር ላይ ይጠፋል፤ ባለቤቱ ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ። ወለሉ በኢፖክሲ የተከደነ ዕለት መውጫው ይዘጋል፤ እንፋሎቱም ከሥር ይገፋል፣ ቅቡን እንደ ቁስል ያቋጥረዋል፣ በመጨረሻም ያነሣዋል። በመኖሪያ ክፍሎች ወለል ሥር ይህን የሚያግድ ፕላስቲክ ማንጠፍ በአሜሪካ የቤት ግንባታ ደንብ የታዘዘ ቢሆንም ደንቡ ጋራዥን ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርገዋል። ሳሎኑ ደረቅ ነው ብሎ ጋራዡም ደረቅ ነው ማለት አያስኬድም። አዲስ ቤት የገባ ደግሞ «ወለሌ አዲስ ነው፣ ምን እርጥበት አለው» ሊል ይችላል። አዲስ ኮንክሪት ራሱ ገና ውኃውን አልጨረሰም፤ ቢያንስ 28 ቀን መታገሥ የተለመደ ነው። እርጥበቱን የሚያጋልጥ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ፈተና አለ፤ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

«ካርቶኑ ለሁለት መኪና ጋራዥ ይበቃል ይላልኮ» የሚል አይጠፋም። ይበቃል፤ ግን ምን ያህል ሳስቶ? አንድ ጋሎን ፈሳሽ በአንድ ሺኛ ኢንች ውፍረት ቢዘረጋ 1,604 ስኩዌር ፊት ይሸፍናል። ይህ ጂኦሜትሪ ነው፤ ማስታወቂያ አይለውጠውም። ያንኑ ጋሎን 250 ስኩዌር ፊት ላይ ብትዘረጉት ውፍረቱ ከ6 ሺኛ ኢንች እምብዛም አይበልጥም። ቀለሙ ውኃ የገባበትና ግማሹ የሚተን ዓይነት ከሆነ፣ ደርቆ የሚቀረው 3 ሺኛ ገደማ ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ብዙ አይርቅም። ምንም የማይተንበት፣ መቶ በመቶ ጠጣር የሚባለው ኢፖክሲ ግን አንድ ጋሎኑ 160 ስኩዌር ፊት ላይ ሲፈስ 10 ሺኛ ኢንች አስቀምጦ ይሄዳል። ለ400 ስኩዌር ፊት ጋራዥ ለአንድ ንብር ብቻ 2 ጋሎን ተኩል መሆኑ ነው። ስለዚህ ጠበቃውም አንድ ነገር ያምናል፤ በአንድ ስም የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም፣ በስሙ የሚነግዱበትም አሉ። ይሁን እንጂ ቆርቆሮው ላይ ከጠጣሩ መጠን ጀምሮ ሁሉም ተጽፏል። በፀጉር ውፍረት የተሸፈነ ወለል ላይ ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና አቁሞ የሚገረም ሰው የተገረመው ባላነበበው ነገር ነው።

ሌላው ተደጋጋሚ ክስ «ባልዲው ውስጥ እንዳለ ደረቀብኝ፣ ጭስም አወጣ» የሚለው ነው። ያወጣል። ሁለቱ ፈሳሾች ሲዋሐዱ ሙቀት ይሰጣሉ፤ ባልዲ ውስጥ ተከማችተው ሲቆዩ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሙቀቱ ውሕደቱን ያፋጥናል፣ ውሕደቱ ሙቀት ይጨምራል። ወለል ላይ ሳስቶ ሲፈስ ግን ሙቀቱን ኮንክሪቱ ይወስድለታል። ስለዚህ ባለሙያ አማስሎ እንደጨረሰ ወዲያው ወለሉ ላይ በረድፍ ያፈስሰዋል፤ ከባልዲው በሮለር እየጠቀሰ አይቀባም። መቶ በመቶ ጠጣሩ ኢፖክሲ በሞቃት ቀን ባልዲ ውስጥ የሚሰጠው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አያልፍም። አሁን የእኛን ቤት አስቡት። ሊያግዙ የመጡ አራት ጓደኞች አሉ፤ ባልዲው ተማስሏል፤ ልክ በዚያች ሰዓት ከውስጥ «ቡና ደርሷል፣ ግቡ!» ይባላል። እንግዳ ተቀባይነት ከኬሚስትሪ ጋር ሲጋጭ ያየ ያውቃል፤ አቦል ሳያልቅ ባልዲው ይጨሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ቶሎ እንዲይዝ» ብሎ ማጠንከሪያውን አብዝቶ የሚጨምረው ነው። ማጠንከሪያ ቅመም አይደለም። እያንዳንዱ የማጠንከሪያ ቅንጣት የሚያያዘው በልኩ ከተመጠነለት ሬዚን ጋር ነው፤ የተረፈው ሥራ ፈትቶ ይቀርና ወለሉ ለወራት ጫማ ሲይዝ ይከርማል። ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ጧት ተቀብቶ ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ በኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ያለው አየር ሰፍቶ ይወጣና ቅቡን በአረፋ ይሞላዋል። ቀኑ መብረድ ሲጀምር፣ ወደ ማታ መቀባት ይሻላል፤ ያም ቢሆን ወለሉ ጤዛ የሚጥልበት ቅዝቃዜ ላይ ሳይደርስ።

ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ ስል ግን መሞረድና ማጠብ ብቻ ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያውና ከባዱ ጋራዡን ባዶ ማድረግ ነው፤ ብዙ ወለል የሚበላሸውም እዚያ ላይ ይመስለኛል። የእኛ ሰው ጋራዥ መኪና የሚያድርበት ቦታ መሆኑን ካቆመ ሰነባብቷል። የሽንኩርቱ ሽታ ምንጣፍ ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ የኤሌክትሪክ ምጣዱና ትልቁ ድስት ያሉት እዚያ ነው። ከአገር ቤት የመጣው በርበሬና ሽሮ እዚያ ነው። ለአገር ቤት የሚላከው ልብስ የታጨቀበት፣ «የሚሄድ ሰው ሲገኝ» እየተባለ ዓመት ያለፈው ሻንጣም እዚያ ነው። የማኅበሩ ወንበር፣ «አንድ ቀን ያስፈልጋል» የተባለው አሮጌ ማቀዝቀዣ፣ ልጆቹ ኮሌጅ ከገቡም በኋላ ያልተጣለው ብስክሌት አለ። ይህን ሁሉ ማውጣት ማለት በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ባልና ሚስት መምከር ማለት ነው፤ ምክሩ ከቀለሙ ቀርቶ ከመሞረዱም ይረዝማል። ስለዚህ ሰውዬው መላ ይመታል፤ ዕቃውን ወደ ግራ ገፍቶ ቀኙን ይቀባል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ገፍቶ ግራውን ይቀባል። ውጤቱ መሐል ላይ የሚታይ ስፌት፣ ከተከመረው ዕቃ የወረደ አቧራ የተጋገረበት ቅብ፣ ገና ባልጠነከረ ወለል ላይ የተጎተተ የማቀዝቀዣ እግር ምልክት ነው። ዕቃውን በሙሉ ደጅ የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ቅቡ መኪናና ከባድ ዕቃ እስኪችል እንደየዓይነቱ ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ይፈልጋል፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደግሞ ሳር ላይ የተደረደረ ምጣድና ጆንያ ባየ በማግስቱ ደብዳቤ ይልካል።

«እንግዲያውስ ምን አስለፋን? ባዶ ኮንክሪት ምን ይጎድለዋል?» ለሚል፣ ይህ ከሁሉም የተሻለው ተቃውሞ ነው፤ አላቃልለውም። መኪናውን ብቻ ለሚያቆም ሰው ኮንክሪቱ ውስጥ ሰርጎ ውኃና ጨው የሚያግድ ማሸጊያ በርካሽ ይገኛል፤ ላዩ ላይ ንብር ስለማይሠራ የሚላጥ ነገር የለውም። አዲስ አበባ ግቢው ውስጥ መኪናውን ፀሐይ ላይ ለሚያቆመውም ኢፖክሲን አልመክርም። ነገር ግን ጋራዡን ማድ ቤት ላደረገው የእኛ ሰው ነገሩ ይለያል። ቁሌት የሚፈናጠቅበት፣ ዘይት የሚደፋበት፣ በርበሬ የሚበተንበት ወለል ባዶ ኮንክሪት ከሆነ ሁሉን ይጠጣል፤ የጠጣውን አይመልስም። በኢፖክሲ የተሸፈነው ግን በመወልወያ ይጸዳል። «ጎረቤቴ ምንም ሳያዘጋጅ ቀብቶ ይኸው አልተላጠም» ለሚለውም መልስ አለ፤ የጎረቤቱ ኮንክሪት ከመጀመሪያው ሻካራና ደረቅ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጋራዡ በዕቃ ከመሙላቱ የተነሣ መኪናው ደጅ ነው የሚያድረው። ጎማ ያልቆመበት ወለል ገና አልተፈተነም። «ባለሙያዎቹስ በአንድ ቀን ይጨርሱ የለም ወይ?» የሚባለው እውነት ነው። ጧት መጥተው ግን የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የሚያሳልፉት በመሞረጃ ጩኸት ውስጥ ነው፤ ከላይ የሚደርቡትም ብዙ ጊዜ ፖሊአስፓርቲክ የሚባለው ፈጥኖ የሚጠነክር ቅብ ነው። ባለሙያ የሚቀጥር ሰው ከዋጋው በፊት «ወለሉን በምን ታዘጋጃላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «እናጥበዋለን» ከሆነ፣ ያንን እሱም በነፃ ይችለዋል።

ጠበቃ ነኝና ደንበኛዬ ከነአካቴው ንጹሕ ነው አልልም። ፀሐይ ሲነካው ቢጫ ይሆናል፤ ይህ የራሱ ጥፋት ነው፣ የትኛውም ዝግጅት አያድነውም። የጋራዡ በር ሥር፣ ብርሃን በሚያርፍበት ልክ፣ ቢጫ መቀነት ይወጣል፤ ፀሐይ የሚችል የፖሊዩሪቴን ወይም የፖሊአስፓርቲክ ንብር ካልተደረበበት በቀር። ሲረጥብም ያንሸራትታል፤ የመጨረሻው ንብር ላይ ደቃቅ የማያንሸራትት አሸዋ ካልተነሰነሰ በረዶ በያዘ ጫማ የገባ ሽማግሌ ሊወድቅበት ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልጠነከረው ፈሳሽ ቆዳ ላይ በተደጋጋሚ ሲያርፍ ዕድሜ ልክ የማይለቅ አለርጂ ሊያስይዝ ይችላል፤ ያለ ጓንት የሚነካ ሰው በኋላ «ማን ነገረኝ» እንዳይል እነሆ ተነግሮታል። በእነዚህ በሦስቱ ይፈረድበት። በመላጥ ግን በነፃ ይሰናበት።

አሁን ወደ ፈተናው። ካርቶኑን ከመግዛታችሁ በፊት፣ ዝናብ ከጣለ ሰንበት ሳይል፣ 18 ኢንች በ18 ኢንች የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ ወለሉ ላይ አንጥፉና አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በቴፕ አሽጉት። ከ16 ሰዓት ያላነሰ ይቆይ። ስትገልጡት ፕላስቲኩ ከሥሩ ካላበው ወይም ኮንክሪቱ ጠቁሮ ከተገኘ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አድርጉ፤ ደረቅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሻንጣውን የሚወስድ ሰው ፈልጉ፣ ቀጥሎ መሞረጃውን ተከራዩ፣ ቀለሙን ከሁሉ በኋላ ግዙ።